ቀይ ማሊያ የለበሰውን አትንኩ

ኦክ ላንዲንግና ካስተር ሪጅ የሚፋለሙት ለዋንጫ አይደለም፤ ለመጥበሻ ነው። ሁለት ጎረምሳ ተጋግዞ የሚሸከመው፣ ዕድሜ ልኩን ዘይት ሲጠጣ የኖረ ጥቁር የብረት መጥበሻ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሁለቱ ኮሌጆች በአሜሪካኖቹ ፉትቦል፣ ኳስ በእጅ ታቅፎ በሚሮጥበት ጨዋታ ይገጥማሉ። ያሸነፈው መጥበሻውን ወስዶ ለከተማው ሁሉ ዓሣ ይጠብስበታል፤ የተሸነፈው ቡድን አምበል ደግሞ ሰኞ ጠዋት እጅጌውን ሰብስቦ አሸናፊዎቹ ግቢ ድረስ ይሄድና መጥበሻውን ያጥባል። ሳሙና ክልክል ነው፤ ብረቱን ያበላሸዋል። በጨውና በሙቅ ውሃ፣ በእጅ ነው የሚታጠበው። ይህን ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። በዚህ የሉዊዚያና ጥግ ግን ከቤተ ክርስቲያን የሚቀር ሞልቷል፣ ከመጥበሻ አጠባ የቀረ አምበል ታይቶ አያውቅም።

አምና ያጠበው ራሻድ ቡድሮ ነው።

ራሻድ የኦክ ላንዲንግ አምበል ነው፤ ከመከላከያው የፊት መስመር ጀርባ የሚቆም፣ በሬ የሚያህል፣ ደሙ ቶሎ የሚፈላ ልጅ። ያን ሰኞ ተንበርክኮ በጨው ሲፈገፍግ፣ የካስተር ሪጁ አምበል ዛየር ማክናይት አጠገቡ ወንበር ስቦ የተረፈውን ዓሣ ይበላ ነበር።

«መያዣውን እንዳትረሳው፣ ወንድሜ» አለው ጣቱን እየላሰ። «እዚያ ጋ ቅባት ይታየኛል።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ራሻድም አብሮ ሊስቅ ሞከረ፣ ሳቁ ግን እምቢ አለው። አንጀቱ እርር ብሎ ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው።

ዛየር ኳርተርባክ ነው። በእያንዳንዱ ሙከራ ኳሷ መጀመሪያ የምትገባው በእሱ እጅ ነው ማለት ነው። አብዛኞቹ ኳርተርባኮች ቆመው ይወረውራሉ፤ እግር የሚያስፈልጋቸው አውቶቡስ ላይ ለመውጣት ብቻ ይመስላል። ዛየር ግን መወርወሪያ ሲያጣ ኳሷን ታቅፎ ራሱ ይሮጣል፣ ሩጫው ደግሞ ጉድ ነው። ያዝኩት ስትል እዚያ የለም። አምና በጨዋታው መጨረሻ ራሻድ ቦታውን ጠብቆ መቆም ሲገባው አላስችል ብሎት ዘሎ ተወረወረበት። ዛየር አንዲት እርምጃ ወደ ጎን ወጣ አለና፣ ራሻድ ጥሎት በሄደው ክፍት ቦታ እየሳቀ አልፎ ጎል መስመሩን ረገጠ። ጨዋታውም መጥበሻውም በዚያች እርምጃ አለቀ።

ዘንድሮ የራሻድ የመጨረሻ ዓመት ነው። ከዚህ ጨዋታ በኋላ ማሊያውን አውልቆ ከአጎቱ ጋር ጣሪያ ሥራ ላይ ሊወጣ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጠብቀው ፉትቦል እንደሌለ ያውቃል። ስለዚህ ከተማው እስኪሸብት ድረስ የሚያስታውሰው በዚህ ቅዳሜ ነው። ወይ ዛየርን ያቆመው ልጅ ይባላል፣ ወይ ሁለት ዓመት በተከታታይ መጥበሻ ያጠበው።

የመከላከያው አሰልጣኝ ኮች ሂላርድ ጉንጫቸው ውስጥ ሁልጊዜ ሱፍ የሚያሽከረክሩ፣ ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። የሳምንቱ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ራሻድን ለብቻው ጠሩት።

«ዘንድሮ የዛየር ጥላ አንተ ነህ» አሉት በጣም ዝግ ብለው። «ወደ ቀኝ ከሄደ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከሄደ ወደ ግራ። ከቆመ ትቆማለህ። እሱ ሳይሮጥ አንተ ብትሮጥ፣ ወየውልህ።»

«ኮች፣ ሰው ሁሉ ሲጋጭ እኔ ዝም ብዬ ስገተር ምን ይሉኛል?»

«የፈለጉትን ይበሉህ። ፊቱን አትየው፣ ፊቱ ይዋሻል። ትከሻውም ይዋሻል። እግሩማ ዋናው ቀጣፊ ነው! ወገቡን ብቻ እይ። ወገቡን ቤቱ ትቶ መሮጥ አይችልም።» ልጣጩን ተፉ። «አንዴ እንደ አምናው ከቦታህ ዘለህ ብትወጣ ግን አስወጣሃለሁ። ትሬይ ይገባል፣ አንተ አግዳሚው ላይ ተቀምጠህ ትጨርሳለህ። ተግባባን?»

«ተግባባን፣ ኮች።»

ትሬይ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን የራሻድን ቦታ ሲያይ ምራቁን ይውጣል።

ጥላ መሆን የሚለመደው በሰው ነው። ኦክ ላንዲንግ ውስጥ በየሳምንቱ የሚመጣውን ቡድን ኳርተርባክ መስሎ የሚጫወት ልጅ አለ፤ ኮይ ፎንቴኖ ይባላል። ኮይ አራት ዓመት ሙሉ ከቡድኑ ጋር ነው፣ በእውነተኛ ጨዋታ ግን አንዲት ደቂቃ እንኳ ገብቶ አያውቅም። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ክንዱ ሳሳ ያለ ነው። የሰው አካሄድ መቅዳት ግን ተሰጥኦው ነው። የዛየርን ቪዲዮ ዓይኑ እስኪቀላ ያያል፣ ከዚያ የሦስት ቁጥር ማሊያ ለብሶ ሲወጣ፣ ከንፈሩን መንከሱ ሳይቀር፣ መዳፉን ጭኑ ላይ መጥረጉ ሳይቀር፣ ራሱ ዛየር ነው። ራሻድ እሱን ሲያይ መጥበሻው ትዝ እያለው ይናደዳል።

ልምምድ ላይ ኳርተርባክ የሆነ ሁሉ ቀይ ማሊያ ይለብሳል፣ ቀይ የለበሰ ደግሞ አይመታም። ደረስክበት? ወገቡን በእጅህ ነካ ታደርጋለህ፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ተያዘ ማለት ነው። ኳርተርባክ ውድ ዕቃ ነውና ልምምድ ላይ አይሰበርም። ኮይ እንኳ ውድ ዕቃ አልነበረም፤ ቢሰበር የሚያለቅሱት እናቱ ብቻ ናቸው። ግን ሕግ ሕግ ነው።

መጀመሪያ ላይ ኮይ ራሻድን መጫወቻ አደረገው። ወደዚህ ሲለው ወደዚያ ሾልኮ ይሄዳል፤ ራሻድ አየር አቅፎ ይቀራል። ቀስ በቀስ ግን ራሻድ ወገብ ማየት ለመደ። አምናን ያስረሳው ትዕግሥት መጣለት። ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ኮይ ቆርጦ ሲነሳ ደርሶ ነካ! ፊሽካ። እንደገና፣ ነካ! ፊሽካ። ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ኮይ አንዴም አላመለጠውም። ኮች ሂላርድ ሱፋቸውን ማላመጥ እስኪረሱ ድረስ ደስ አላቸው።

«አራት ዓመት ሙሉ» አለ ኮይ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ እያለከለከ፣ «አንድ ሰው እንኳ ጥሎኝ አያውቅም እኮ።»

«ታድለህ» አለው ራሻድ።

«ምኑን ታደልኩት? ሙሽራ ሆኛለሁ! ሁሉም ነካ አድርጎኝ ይመለሳል። እናቴ በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት ነድታ ትመጣለች፣ ከጨዋታው በኋላ ታየኝና፣ ‘ማሊያህ ዛሬም ንጹሕ ነው፣ የኔ ልጅ’ ትለኛለች። ልታበረታታኝ ነው። ግን እመነኝ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ከምሰማ አንተ ብትረግጠኝ ይሻለኛል።»

ራሻድ ሳቀ። ኮይም ሳቀ፣ ግን የኮይ ሳቅ ቶሎ አለቀ።

ቅዳሜ ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ የስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ በጎድን ጥብስ ጢስ ታፍኗል፤ የመኪና ኋላ ተከፍቶ ድስት ተጥዶበታል፣ የማያውቁት ሰው ሳይቀር ሳህን ያስጨብጥዎታል። የሁለቱ ኮሌጅ የሙዚቃ ጓዶች ከበሯቸውን ፊት ለፊት አቁመው ይሰዳደባሉ። መጥበሻው ሜዳው ጠርዝ ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶለት እንደ ንጉሥ ተቀምጧል። የኮይ እናት ሚስ ቬልማ፣ የፔካን ለውዝ ኬካቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ የተለመደው ቦታቸው ላይ ሆነው ልጃቸው በማይጫወትበት ጨዋታ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ይጮኻሉ።

ኦክ ላንዲንግ ነጭ ለብሶ ገባ፣ ካስተር ሪጅ ቀይ። የራሻድ ልብ ከከበሮው ጋር እኩል ይመታ ነበር። ፍርሃት አልነበረም፤ ጉጉት ነው፣ እጅ የሚያሳክክ ጉጉት።

ዛየር መጀመሪያ በውርወራ ሞከረ። ከዚያ መወርወሪያ አጣና እንደፈራነው ኳሷን ታቅፎ ወደ ቀኝ ተነሳ። ራሻድም ተነሳ። አልዘለለም! ወገቡን እያየ፣ እርምጃውን እየመጠነ፣ ልክ እንደተማረው ማምለጫውን ሁሉ ዘግቶበት ደረሰ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሳ። ራሻድ እጁን ሰደደ፣ ዛየርን ወገቡ ላይ ነካ አደረገው፣ እና ቆመ።

አዎ፣ ቆመ። መንገድ እንዳጣ ሰው ሜዳው መሀል ቀጥ አለ። ዛየር ራሱ ግራ ገብቶት አንዴ ዞር ብሎ አየው፤ ከዚያ የሰጡትን የማይመልስ ልጅ ነውና እግሩን አነሳ። ጎል መስመሩ ላይ ሲደርስ የሚከተለው ሰው አልነበረም።

ራሻድ ምን እንደሆነ ለራሱም አልገባውም። ከሰው ሁሉ በላይ እሱ ነው የደነገጠው።

ከዕረፍት በፊት ደገመው። አሁንም በትክክል ደረሰ፣ አሁንም እጁ ወገቡን ነካ፣ አሁንም እግሩ ለቅጽበት ቆመ። ያቺ ቅጽበት ደግሞ ለዛየር ብዙ ናት። ካስተር ሪጅ ሁለተኛውን ጎል አገባ፤ ጎል ከነተከታዩ ምት ሰባት ነጥብ ነው፤ ኦክ ላንዲንግ በእግር ከመታት ሦስት ነጥብ በቀር ባዶውን ነው፣ አሥራ አራት ለሦስት። ዛየር ወደ ቦታው ሲመለስ በራሻድ አጠገብ አለፈና ቆም አለ።

«ምነው እንዲህ በስሱ የምትዳስሰኝ?» አለው። «ልታገባኝ ከሆነ ሽማግሌ ላክ እንጂ!»

የካስተር ሪጅ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ራሻድ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ዕረፍት ላይ ኮች ሂላርድ ፊቱ ቆሙ። ድምፃቸው ከሹክሹክታ በታች ነበር።

«ፈርተኸዋል» አሉት።

«ኮች፣ ወላሂ አልፈራሁም! እጄ…»

«ብትዘል ይሻለኝ ነበር። ልጁ እጅህ ከገባ በኋላ ትለቀዋለህ? ትሬይ፣ ተዘጋጅ። ሁለተኛውን አጋማሽ አንተ ትጀምራለህ።»

ራሻድ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ግድግዳውን ተደገፈና ሄልሜቱን መሬት ላይ ጣለው። የመጨረሻ ጨዋታው እንዲህ ሊያልቅ ነው፣ ፈሪ ተብሎ። ተሸንፎ ቢሆን ይችለው ነበር። ፈሪ የሚለውን ግን በየትኛው ጨው ፈግፍጎ ያስለቅቀዋል? ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ደግሞ ተናደደ።

በሩ ተከፈተና ኮይ እየሮጠ ወጣ። በነጩ የጨዋታ ማሊያው ላይ ያንን የልምምድ ቀይ ማሊያ፣ ሦስት ቁጥሩን፣ ደርቦ ጎትቶ እየለበሰ ነበር።

«አልፈራህም» አለው ኮይ ትንፋሽ እያጠረው። «ነካኸው! ገባህ? ሳምንቱን ሙሉ እኔን እንደነካኸኝ ነካኸውና ቆምክ። ፊሽካ እየጠበቅክ ነበር እኮ!»

ራሻድ ከተደገፈው ግድግዳ ተላቀቀ።

«ቀይ ለብሷል፣ ሦስት ቁጥር ነው፣ እንደ እኔ ነው የሚሮጠው። እኔ ነኝ ያበላሸሁህ። በደንብ አድርጌ ዛየርን ሆንኩልህና እጅህ ቀይ አይመታም ብሎ አረፈው። በል፣ ምታኝ።»

«አብደሃል? እገልሃለሁ።»

«ምታኝ እኮ ነው የምልህ! ጊዜ የለንም።»

ራሻድ አመነታ፣ ከዚያ ተንደርድሮ ሄደ። ኮይ ዘንድ ሲደርስ እጁ ራሷ ተዘረጋች፣ ወገቡን ነካች፣ እግሩም ቆመ። ሁለቱም የራሻድን እጅ ቁልቁል አዩት።

«አየኸው?» አለ ኮይ፣ ቀስ ብሎ። «አየኸው ይሄን ከሃዲ?»

«አየሁት።»

«እንግዲህ ሰባብረው። ና! ምን ትጠብቃለህ፣ አጣቢ! መያዣውን እንዳትረሳው፣ ወንድሜ…»

በዛየር ድምፅ ነበር ያለው፣ ከንፈሩን እንደ ዛየር ነክሶ። ራሻድ ዓይኑ ጨለመ። ትከሻውን ዝቅ አደረገና መጣ፣ እጁም ልትቆም ፈለገች፣ እሱ ግን አላቆማትም። ድምፁ በኮሪደሩ ሙሉ አስተጋባ። ኮይ ከመሬት ተነስቶ የፎጣ ጋሪው ላይ አረፈ፣ ጋሪው ከነፎጣው ተገለበጠና ኮይ ከሥሩ ገባ።

በሩ ብርግድ ብሎ ኮች ሂላርድ ወጡ። ፎጣውን አዩ፣ ጋሪውን አዩ፣ ከጋሪው ሥር የወጡትን ሁለት እግሮች አዩ። ሱፋቸውን ማላመጥ አቆሙ።

ኮይ ፎጣዎቹን እየገፋ ብቅ አለ። የታችኛው ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ አገጩ ላይ ይወርዳል፤ ፊቱ ግን የበዓል ፊት ነበር።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚያደርገው!» አለ በደስታ። «ጌታዬ፣ እንዲህ ነው እንዴ!» ከዚያ ኮችን አያቸውና ቀይ ማሊያውን ጎተት አደረገ። «ኮች፣ ልጁ ቀይ ማሊያ መምታት አልቻለም ነበር። አሁን ይችላል።»

ኮች ሂላርድ ቀዩን ማሊያ ትኩር ብለው አዩት። የራሳቸው ሕግ ነው። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባቸው ራሻድ ከፊታቸው አነበበ።

«ትሬይ!» ብለው ተጣሩ ወደ ውስጥ፣ በሕይወታቸው አንዴ ጮክ ብለው። «ተቀመጥ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያላየ ሰው ያሳዝነኛል። ዛየር ገና በመጀመሪያው ሩጫው ወደ ግራ ሾለከ፣ ራሻድ ተከተለው፣ ደረሰ፣ እና የነካ እጅ ሳይሆን የመጣ ትከሻ አገኘው። ሁለቱ አብረው ሣሩን አርሰው ቆሙ። ዛየር ቀና ብሎ ሲያየው ፈገግታው አብሮት አልተነሳም። ስታዲየሙ ፈነዳ። ሁለተኛ ሲሞክር ሁለተኛ ወደቀ፣ ሦስተኛ ሲሞክር ኳሷን ጥሎ ወደቀና ኦክ ላንዲንግ አንስቷት አገባ። የሙዚቃው ጓድ ዘፈን መምረጥ አቅቶት ሁሉንም ባንዴ ይነፋ ጀመር። አንድ ጎል ተጨመረ፣ ኦክ ላንዲንግ አሥራ ሰባት ለአሥራ አራት መራ፣ ሰዓቱም ተሟጠጠ።

ግን ዛየር ዛየር ነው። በመጨረሻዋ ደቂቃ በውርወራ እየዘለለ ጎል መስመሩ አፍ ላይ ደረሰ። የቀረችው አንዲት ሙከራ ናት፤ በእግር መትተው በሦስት ነጥብ አቻ መሆን ይችሉ ነበር፣ ዛየር ግን ለአቻ አልመጣም። ካለፈ መጥበሻው ወደ ካስተር ሪጅ ይሄዳል፣ ካላለፈ እዚሁ ይቀራል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም።

ራሻድ ቦታው ላይ ቆመ። ጠርዙ ላይ ኮይ ቀዩን ማሊያ አውልቆ እንደ ባንዲራ ያውለበልበዋል። «ወገቡን!» ይላል፣ ጩኸቱ በሰው ጩኸት ተውጦ። «ወገቡን!»

ኳሷ ዛየር እጅ ገባች። ዛየር ወደ ቀኝ ሮጠ፣ ራሻድ ከእሱ ጋር። ዛየር ድንገት ቆመ፣ ራሻድም ቆመ። ለመወርወር እጁን አነሳ፣ ከራሻድ ጎን የነበሩት ሁለት ልጆች ለመከላከል ዘለሉ። ራሻድ አልዘለለም። ያ የአምናው እብደት እግሩ ውስጥ መጥቶ ነበር፣ ሂድ፣ አሁን፣ ያዘው እያለ ይበላዋል። ትከሻው ወዲህ አለ፣ እግሩ ወዲያ አለ፣ ፊቱ ሳቀ። ወገቡ ግን ገና አልወሰነም። ራሻድም ጠበቀ። አንድ ሙሉ ስታዲየም ሂድበት እያለ ሲጮህበት ጠበቀ፤ በሕይወቱ እንደዚያ የከበደው ነገር አልነበረም።

ወገቡ ወደ ግራ ዞረ።

ራሻድ የዚያን ጊዜ ተነሳ። ቀይ ማሊያ፣ ሦስት ቁጥር፣ ፊት ለፊት። እጁ ለመንካት አላሰበችም። ግጭቱ የላይኛው ረድፍ ድረስ ተሰማ። ዛየር ወደ ኋላ ሄደ፣ ራሻድ ከእሱ ጋር ሄደ፣ ኳሷ መስመሩን ሳትሻገር ሁለቱም ወደቁ። ዳኛው ሮጦ መጣና እጁን አውለበለበ። አላለፈም!

ራሻድ ከላዩ ሳይነሳ ዛየር ሰማዩን እያየ ትንፋሹን ፈለገ።

«አሁንስ ነካኸኝ» አለው በመጨረሻ።

«ሰኞ እንገናኛለን» አለው ራሻድ፣ እጁን ይዞ እያነሳው። «ጨው ከእኛ።»

ዛየር ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው። መጥበሻው ከጠረጴዛው ተነስቶ በሰው ራስ ላይ እየተንሳፈፈ መጣ፤ አንዱን ጎን ራሻድ፣ ሌላኛውን ኮይ ያዙት። በዚያ ግርግር መሀል ሚስ ቬልማ ኬካቸውን በአንድ እጅ ከፍ አድርገው፣ ሰዉን በክርናቸው እየገፉ ደረሱ። ልጃቸውን ሊያቅፉ እጃቸውን ሲዘረጉ ከንፈሩን አዩ። ደሙ በነጩ ማሊያ አንገት ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ደርቋል።

«ኮይ! ምን ሆነህ ነው? ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?» ፊታቸው ተለዋወጠ። «አንተ እኮ አልተጫወትክም፣ የኔ ልጅ። ሁሉንም ሳይ ነበር፣ ሜዳ አልገባህም።»

ኮይ አንገቱን ደፋ። ራሻድ መጥበሻውን በአንድ እጁ አመቻቸና ሌላኛውን የኮይ ትከሻ ላይ ጣለ።

«ተጫውቷል፣ ሚስ ቬልማ» አለ። «እርስዎ ካሉበት አይታይም ነበር እንጂ። ዛሬ መጀመሪያ የጣልኩት ኳርተርባክ እሱ ነው። እሱን ባልጥል ያንን አልጥልም ነበር።»

ሚስ ቬልማ አንዴ ራሻድን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ። ሁሉም ነገር አልገባቸውም፤ የልጃቸው ፊት ግን በደንብ ገባቸው። ኮይ ማሊያውን ሊጠርግ እጁን ሲያነሳ እጁን ያዙት።

«ተው፣ አትንካው!» አሉ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ስልካቸውን እየፈለጉ። «መጀመሪያ ፎቶ ላንሳህ።»